ስለ ድረ ገጽ ሥራ ጥበብና በጥቃቅን ሥራዎች ስለ መለማመድ

ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ነገር በስሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ቢመስልም በግብሩ ግን ዕለት ዕለት በእጃችን የምንዳስሰው ነው፤ የባንክ ሒሳባችንን ለማየት፣ የአውሮፕላን ቲኬት ለመቁረጥ፣ ጋዜጣ ለማንበብ ወይም የልጃችንን የፈተና ውጤት ለመፈለግ ስልካችንን ስንከፍት የሚገለጥልን ጽሕፈት፣ ሥዕል፣ መጫኛና መሙያ ሣጥን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ያበጀው ነውና። ባለሙያዎቹ ይህን ለዓይን የሚታየውን ወገን «ፍሮንት ኤንድ» ይሉታል፤ ከኋላ ሆኖ መዝገቡን የሚጠብቀውና ሒሳቡን የሚይዘው ወገን ሌላ ሙያ ስለ ሆነ ዛሬ አንነካውም። እኔ የምናገረው ይህን የፊተኛውን ወገን ሙያ ለመማር የሚሻ ሰው፣ ትምህርት ቤት ቢገባም ባይገባም፣ በምን መንገድ ቢሄድ እንደሚደርስ ነው።

መማሪያው ዛሬ ጠፍቶ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ሞዚላ የሚያዘጋጀው የድረ ገጽ መምሪያ በነጻ ይነበባል፤ ፍሪኮድካምፕ የተባለው ድርጅት ከ2014 ጀምሮ ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በዩቱብ በአማርኛ የሚያስተምሩ ወጣቶችም አሉ፤ መንግሥታችንም ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ ተባብሮ፣ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን መርሐ ግብር ከፍቷል። መምህሩ እንዲህ በበዛበት ዘመን ግን አንድ የታወቀ ችግር አለ። ተማሪው ቪዲዮውን ከፍቶ፣ መምህሩ የጻፈውን መስመር በመስመር ተከትሎ እየጻፈ፣ ገጹም ልክ እንደ መምህሩ ገጽ አምሮ ሲወጣለት እያየ ደስ ብሎት ያድራል፤ በማግሥቱ ባዶ ፋይል ከፍቶ ብቻውን ሲቀመጥ ግን የመጀመሪያው መስመር እንኳ ከልቡ ይጠፋበታል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። ሌላው የጻፈውን አይቶ «ገብቶኛል» ማለትና ያንኑ ከራስ ልቡና አውጥቶ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ስለ ሆኑ፣ ፊተኛውን ሲለማመድ የከረመ ሰው ኋለኛውን ቢያጣው የሚደንቅ አይደለም፤ ያንኑ ኮርስ ቢደጋግመውም፣ የምስክር ወረቀት ቢጨምርበትም፣ ያልተለማመደውን ችሎታ አያገኘውም።

የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንቶቻችን ይህን ልዩነት ከብዙ ዘመን በፊት ጠንቅቀው ያወቁት ይመስለኛል። የቅኔ ደቀ መዝሙር ግሱንና አገባቡን ሲማር ከቆየ በኋላ፣ የመምህሩን ቅኔ እየሰማና እየተደነቀ ብቻ እንዲኖር አይፈቀድለትም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጉባኤ ቃና የተባለውን፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ቅኔ ራሱ አውጥቶና አውርዶ፣ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ያቃናለታል፤ እንዲህ እያለ በየደረጃው ወጥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ጉባኤ ቃና ትንሽ ነው እንጂ ጎደሎ አይደለም፤ የመወድስ ሩብ ወይም የመወድስ መጀመሪያ አይደለም፤ በሁለት ቤቱ ውስጥ ሰሙም ወርቁም፣ ዜማውም አገባቡም ተሟልቶ የሚገኝ፣ በራሱ የቆመ ድርሰት ነው። የድረ ገጽ ሙያን የሚማር ሰው የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ትንሽና ምሉዕ ሥራ ነው። «እንደ ፌስቡክ ያለ ነገር እሠራለሁ» ብሎ ተነሥቶ የመግቢያውን ገጽ ብቻ ሠርቶ የተወው ሰው ያልተፈጸመ ነገር በእጁ ቀረ፤ ያልተፈጸመ ሥራ ደግሞ ስሕተቱን አይገልጥም፤ አብዛኛው ስሕተት የሚገለጠው በመጨረሻው ሰዓት፣ ክፍሎቹ ሲጋጠሙ ነውና።

ትንሽነትና ምሉዕነት ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ እኔ ሦስተኛ ነገር እጨምርበታለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገርም እርሱ ነው። የቅኔ ተማሪ መምህር አለው፤ ብቻውን በስልኩና በላፕቶፑ የሚማር ወጣት ግን «ይህ ተሳስቷል» የሚለው ሰው የለውም። ስለዚህ እውነተኛ መልሱን አስቀድሞ ከሌላ ስፍራ የሚያውቀውን ሥራ ይምረጥ፤ ሥራው ራሱ ፈራጅ ይሆንለታል። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲይሞር ፓፐርት፣ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1967 ሎጎ የተባለውን የሕፃናት የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲያዘጋጅ የተነሣበት ሐሳብ ከዚህ ሩቅ አልነበረም፤ ሕፃኑ ያዘዘው የቤት ሥዕል እንዳሰበው ሆኖ ካልወጣ፣ ስሕተቱ የሚያሳፍር ኃጢአት ሳይሆን የሚመረመር ነገር ነው ይል ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ ስሕተት መኖሩን የሚያውቀው ቤት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። በየኮርሱ የሚታዘዙት የአየር ጠባይ ማሳያ፣ የሒሳብ ማሽንና የተግባር ዝርዝር መጥፎ ልምምዶች አይደሉም፤ ሆኖም አዲስ አበባ ላሉ ልጆች የሎንዶንን ዝናብ የሚያሳይ ገጽ ቢሳሳት ማን ያውቅበታል?

የሙያውን መሠረት በአጭሩ ልናገርና ወደ ሥራዎቹ እገባለሁ። መሠረቱ ሦስት ቋንቋዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማእከል ሲሠራ ሳለ በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ በ1991 ለዓለም የገለጠው ኤችቲኤምኤል፣ የጽሑፉን አካል፣ ይኸውም ርእሱን፣ አንቀጹን፣ ዝርዝሩንና መያያዣውን ይወስናል፤ ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ በ1994 ያቀረበው ሲኤስኤስ መልኩን፣ ቀለሙንና አቀማመጡን ይወስናል፤ ብሬንዳን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በ10 ቀን ያበጀው ጃቫስክሪፕት ደግሞ ገጹ ሲነካ እንዲመልስ፣ እንዲያሰላና እንዲለወጥ ያደርጋል። ሰርን የድረ ገጽን ጥበብ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት መልቀቁ ትልቅ ቸርነት ነበር። ከቸርነቱም ሌላ፣ በአሠራሩ ውስጥ ለተማሪ የሚጠቅም አንድ ጠባይ ተቀርጾ ቀርቷል፤ ማንኛውም ገጽ በብራውዘር ሲከፈት ምንጩ አብሮ ይመጣልና፣ የሚፈልግ ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ሠሪዎች ብዙዎቹ የተማሩት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ሥራ የሰፈራችሁን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ውሰዱ። የሚያሰለች ምርጫ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ ይሁን እንጂ ደንቡ ርእስ አለው፣ ምዕራፍ አለው፣ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩ አንቀጾች አሉት፣ የአባላት መዋጮ የሚታይበት ሰንጠረዥ አለው፤ ከሁሉም በላይ የታተመው ወረቀት በእጃችሁ ስላለ፣ የሠራችሁት ገጽ ከወረቀቱ ጋራ ሲተያይ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ኤችቲኤምኤልን በትክክል መጻፍ ማለት፣ ይህ ርእስ መሆኑን፣ ያ ንኡስ ርእስ መሆኑን፣ ያ ደግሞ ዝርዝር መሆኑን ለማሽኑ መንገር እንጂ ፊደሉን ማጉላትና ማድመቅ እንዳልሆነ ሰው የሚረዳው፣ እውነተኛ ሰነድ ይዞ ሲቀመጥ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁት ኮርሶች እምብዛም የማያነሡአቸው ነገሮች ይገጥሙአችኋል። ፋይሉ ፊደላት በሚከማቹበት በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት መጻፉ ካልተገለጠ አማርኛው ፈራርሶ ትርጕም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ወደሚመዘገቡበት ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው፤ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍም አንዱ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በመጀመሪያው ታግ ካልተጻፈ፣ ለዓይነ ስውራን ድምፅ እያሰማ የሚያነበው መሣሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ አያውቅም። በአንባቢው ስልክ የግእዝ ፎንት ከሌለ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ይታያል፤ ስለዚህ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለውን ነጻ ፎንት ከገጹ ጋራ መላክ ያሻል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ርእሱን በትልልቅ ፊደል የለየው ሲኤስኤስ በአማርኛው ላይ ምንም አይሠራም፤ አዘንብሎ መጻፍም ቢታዘዝ፣ አብዛኞቹ የግእዝ ፎንቶች የዘመመ ቅርጽ ስላልተሠራላቸው ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያዘምመዋልና መልኩ ይበላሻል። «እንዲያስቀምጡልን» የሚለው ቃል ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል በተለካው መጫኛ ውስጥ አይገባም። መስመር ከመስመር የሚለይበት ስፋትም ለላቲን ፊደል እንደ ተሠራ ቢቀር የአማርኛው ጽሑፍ ይጨናነቃል። እነዚህን ሁሉ አንድ የዕድር ደንብ ያስተምራል።

ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ከኤችቲኤምኤሉ አንድ ፊደል ሳትነኩ በሲኤስኤስ ብቻ ሦስት ልዩ ልዩ መልክ ስጡት። ይህን ያስተማረው በ2003 ዴቭ ሼይ የተባለው ካናዳዊ የከፈተው ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን ነው፤ በዚያ ላይ ጽሑፉ ለሁሉ አንድ ሲሆን፣ ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች በላኩት የመልክ ሥርዓት ብቻ እየተለወጠ አንድ ጊዜ እንደ መጽሔት፣ ሌላ ጊዜ እንደ ግድግዳ ማስታወቂያ ሆኖ ይታይ ነበር። አካልና መልክ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ልምምድ አላውቅም።

ሁለተኛው ሥራ የግእዝ ቁጥር መለወጫ ነው፤ በአንድ ሣጥን 2017 ሲጻፍ ከታች ፳፻፲፯ ብሎ የሚመልስ ገጽ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጀማሪውም እያንዳንዱን አኀዝ በየተራ መለወጥ ይጀምራል፤ ወዲያው ግን ለዜሮ የሚሆን ምልክት በግእዝ እንደሌለ ያገኘዋል። ግእዝ አሥሩን ፲፣ ሃያውን ፳ እያለ ለየዐሥርቱ የራሱን ምልክት ሰጥቶ፣ መቶውን ፻ እልፉንም ፼ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አኀዝ አድርጎ መክፈል፣ ለየጥንዱ ዐሥርቱንና አሐዱን መጻፍ፣ ከዚያም በጥንዱ ቦታ ፻ን ወይም ፼ን ማስከተል ያስፈልጋል። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ፤ 200 ፪፻ ተብሎ ሲጻፍ 100 ግን ፩፻ አይባልም፤ ፻ ብቻ ነው፤ 10000ም እንዲሁ ፼ ብቻ ነው። ተማሪው ይህን ሥራ ሲፈጽም ድርድርን፣ ቀሪን መፈለግንና ሁኔታን መፈተሽን በአንድነት ተምሮአል። ፈራጁም በብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦአል፤ ሲኤስኤስ ዝርዝርን በግእዝ ቁጥር የሚቈጥርበት «ኢትዮፒክ ኑሜሪክ» የተባለ ሥርዓት ስላለው፣ አንድ ረዥም ዝርዝር ሠርታችሁ የእናንተን ከእርሱ ጎን ብታስቀምጡ የት ላይ እንደ ተለያያችሁ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ የምወደው ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ገጽ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ የደረሰው ይህ ሐሳበ ዘመን፣ ዓመቱን ተቀብሎ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባና ትንሣኤ መቼ እንደሚውል የሚያስታውቅ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ እጅግ የተጣራ ከመሆኑ የተነሣ ጃቫስክሪፕት እንዲያነበው የተጻፈ ይመስላል። በ5500 ዓመተ ፍዳ ላይ የያዝነው ዓመተ ምሕረት ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይሆናል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል፤ መጥቅዑ ዜሮ ቢሆን 30 ተብሎ ይያዛል፤ ሁለቱም ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው። መጥቅዑ ከ14 ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ከ14 ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። በዓሉ የዋለበትን ዕለት ለማወቅ መስከረም 1 የዋለበትን ማወቅ ይገባል፤ ይህም ዓመተ ዓለሙ ለአራት ተከፍሎ የሚገኘው መጠነ ራብዒት በዓመተ ዓለሙ ላይ ተደምሮ ለሰባት ሲገደፍ የሚተርፈው ነው፤ አንድ ቢተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ቢተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ባይተርፍ ሰኞ ነው። በዓለ መጥቅዕ ለሚውልበት ለየዕለቱም ተውሳክ አለ፤ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2። መጥቅዑና ተውሳኩ ተደምረው፣ ከ30 ቢበልጡም 30 ተቀንሶላቸው፣ መባጃ ሐመር ይሆናሉ፤ ይህም የጾመ ነነዌ ቀን ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካልበለጠ ነነዌ በጥር ትገባለች፤ ከበለጠ ወይም በዓሉ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ትገባለች። ትንሣኤ ከነነዌ በ69ኛው ቀን ነው።

የ2017ን ዓመት እንፈትነው። 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 121 ነውና አበቅቴው 1፣ 11 በ19 209 ነውና መጥቅዑ 29። 29 ከ14 ስለሚበልጥ በዓሉ መስከረም 29 ነው። መጠነ ራብዒቱ 1879 ነው፤ ከ7517 ጋራ 9396፤ ለሰባት ሲገደፍ 2 ስለሚተርፍ መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ፤ መስከረም 29ም ከእርሱ አራት ሳምንት ስለሚርቅ ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ከ29 ጋራ 33፤ ከ30 ስለ በለጠ 3 ቀርቶ ነነዌ የካቲት 3 ገባች። ከየካቲት 3 በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 12 ነው፤ የ2017 ትንሣኤም ሚያዝያ 12 መከበሩን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ተማሪው ቀመሩን ወደ ኮድ ሲመልስ እያንዳንዱን ስም፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ በየስፍራው ለብቻው ቢያስቀምጠውና መንገዱን ሁሉ በገጹ ላይ ቢያሳይ፣ ውጤቱ ሲሳሳት ስሕተቱ ከየትኛው ደረጃ እንደ ገባ ራሱ ያነባል። በአንድ ረዥም መስመር አጭቆ የጻፈው ግን «ተሳስቷል» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

ይህ ሥራ የሚያስተምረው ረቂቅ ነገር በ2024 ዓ.ም. ላይ ተሸሽጎ ይገኛል። የዚያ ዓመት ዓመተ ዓለም 7524 ነው፤ ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከዜሮ አንድ ሲነሣ ሊቃውንቱ ወንበሩን 18 ይላሉ፤ ጃቫስክሪፕት ግን ከዜሮ በታች ያለውን አንድ ይሰጣል፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲካፈልም ቀሪውን ከዜሮ በታች ያደርገዋልና፣ አበቅቴውና መጥቅዑ የማይታወቁ ቁጥሮች ሆነው ይወጣሉ። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ዓመት ያለ እንከን የሠራው ገጽ በአንዱ ዓመት ይወድቃል። በጊዜው ያልተያዘ እንዲህ ያለ ስሕተት በባንክ ሒሳብ ወይም በመድኃኒት መጠን ቢገባ ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ እዚህ ግን የሚያጋልጠው የካህናቱ የቀን መቁጠሪያ ስለ ሆነ፣ ያለ ጉዳት ይማሩበታል።

ከባሕረ ሐሳቡ ቀጥሎ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓውያን ቀን የሚለውጥ ገጽ መሥራት ይቻላል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት መሆንዋን፣ በዚያም ምክንያት የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 እንደሚውል የሚያውቅ ሰው መፈተኛ አያጣም፤ ዘመናውያኑ ብራውዘሮችም የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቁ መልሱን ማመሳከር ይቻላል። ሁለት መሰናክል ብቻ ልጠቁም። ጃቫስክሪፕት ወሮችን ከዜሮ ስለሚቈጥር ጃንዋሪ ለእርሱ 0 ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል፤ «2024-09-11» ተብሎ የተጻፈውን ቀን በግሪንዊች የእኩለ ሌሊት ሰዓት ይወስደዋል። አዲስ አበባ ላይ ያኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቀኑ ያው ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ግን ገና የዋዜማው ምሽት ነው። ስለዚህ እዚህ ተሠርቶ፣ እዚህ ተፈትኖ፣ እዚህ የተመሰገነ የበዓላት ገጽ፣ በዚያ ለሚኖሩት ወገኖቻችን እንቁጣጣሽን አንድ ቀን አስቀድሞ ያውጅላቸዋል። ሥራችሁን በሌላ አገር ላለ ዘመድ ልካችሁ እንዲያየው ብትጠይቁት ከመምህር የማታገኙትን ታገኛላችሁ።

የዕቁብ መዝገብም መልካም ልምምድ ነው፤ በየኮርሱ ከሚታዘዘው የተግባር ዝርዝር በአሠራሩ አይለይም፤ ስም መጨመር፣ የከፈለውን ማመልከት፣ ድምሩን ማሳየት ነው። ገንዘቡን በብርና በነጥብ ሳይሆን በሳንቲም ያዙት፤ ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላልና። መዝገቡን በብራውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ ብታስቀምጡት ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት ይገኛል፤ የስልኩ ባለቤት የብራውዘሩን መረጃ ባጠፋ ጊዜ ግን አብሮ ይጠፋልና የእውነተኛ ዕቁብ ገንዘብ አትመኑበት።

አማርኛን የሚፈልግ የፍለጋ ሣጥን ግን ከዚህ የበለጠ ሐሳብ ይሻል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገዋል፤ ለማሽኑ ሁለቱ ምንም ዝምድና የሌላቸው ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከመፈለግ በፊት ሀን ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን በየወገናቸው ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም ለፍለጋ ብቻ ነው እንጂ፣ ለአንባቢው የሚታየው ጽሑፍ ደራሲው እንደ ጻፈው መቅረት አለበት። ምሥጢሩን እንደ ጨረሱት የሚመስላቸው ተማሪዎች ሰባቱን እንዚራን ሁሉ አስበው እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ግእዙን ብቻ መልሶ ካዕቡን፣ ሣልሱንና የቀሩትን የተወ ኮድ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ልትጠይቁኝ ወደምትችሉት ነገር ልለፍ። ፌስቡክ በ2013 የለቀቀው ሪአክትና እንደ እርሱ ያሉት ፍሬምወርኮች ሥራ ለማግኘት ያስፈልጋሉ ወይ? አዎን፣ ያስፈልጋሉ። አስቀድመው ይማሯቸው ወይ? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ሪአክት ብዙ ክፍል ያለው ገጽ ሲለዋወጥ የሚመጣውን ድካም ለማቅለል የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ያንን ድካም ያልቀመሰ ሰው መሣሪያው ለምን እንደ ተሠራ አይገባውም፤ ስለዚህ ሥርዓቱን እንደ ጸሎት በቃሉ ይደግመዋል። የዕቁቡን መዝገብ አስቀድሞ በተራው ጃቫስክሪፕት ሠርቶ፣ ስም በጨመረ ቁጥር ዝርዝሩን፣ ድምሩንና ያልከፈሉትን ቁጥር በየስፍራው ማደስ ያሰለቸው ሰው ግን፣ ያንኑ መዝገብ በሪአክት ደግሞ ሲሠራው የመሣሪያው ምክንያት ያለ ሐተታ ይገለጥለታል። የከበደውን አስቀድሞ የሚያነሣ ተማሪ አይዘገይም፤ የሚዘገየው መሣሪያ በመቀያየር ዘመኑን የሚፈጀው ነው።

ኮድ ስለሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አንድ ቃል ልናገር። ባሕረ ሐሳቡን ጻፍልኝ ቢሉት ይጽፋል፤ አንዳንዴ በትክክል፣ አንዳንዴም በልበ ሙሉነት ተሳስቶ። የ2017 ትንሣኤ ሚያዝያ 12 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይመረምረዋል፤ የማያውቅ ሰው ይቀበለዋል። መልሱ የታወቀ ሥራ ምረጡ ያልኩት ለዚህም ይጠቅማል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ላይ ጽሑፉን ራሳችሁ ጻፉት፤ ከተቸገራችሁ የተቸገራችሁበትን አንድ መስመር ብቻ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።

ሥራው ሲያልቅ ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ ያለ ክፍያ ማስቀመጥ ይቻላልና፣ አስቀምጡትና ለሰው አሳዩ። ለማን እንደምታሳዩ ግን ምረጡ። ባለሙያ ባልንጀራችሁ ኮዱን ያደንቃል ወይም ይነቅፋል፤ ይህም ይጠቅማል። ከእርሱ ይልቅ ርካሽና አሮጌ ስልክ ለያዙ፣ ዳታቸውን ቆጥበው ለሚጠቀሙ፣ ዓይናቸውም ለደከመ አዛውንት ስጡትና ምንም ሳትናገሩ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ መጫኛው ትንሽ ከሆነ ጣታቸው ይስታል፤ ሥዕሉ ከባድ ከሆነ ሲጠብቁ ታያላችሁ፤ ፊደሉ ከደበዘዘ ስልኩን ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ከዚያ በኋላ አይጡን አስቀምጣችሁ ገጹን በኪቦርድ ብቻ ለመጠቀም ሞክሩ፤ በዚያ መንገድ የማይደረስበት መጫኛ ካለ፣ አይጥ መጠቀም ለማይችል ሰው ገጻችሁ የተዘጋ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከመካከላችሁ ይህን ሙያ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ኮርስ ሳትመርጡና ክፍያ ሳትከፍሉ በዚህ ሳምንት የባሕረ ሐሳቡን ገጽ ጀምሩ። የ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ የ2019 ሚያዝያ 24፣ አስቸጋሪው 2024ም እንዲሁ ሚያዝያ 24 ነው፤ የመጀመሪያው በጥር፣ የቀሩት ሁለቱ በየካቲት ከምትገባ ነነዌ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ፣ በ2017 ያልተነኩትን የኮዱን ጎዳናዎች ይነካሉ። ገጻችሁ አራቱን ዓመታት በትክክል ካወጣ፣ ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቁ አንድ ካህን ወይም መሪጌታ ውሰዱላቸውና በመረጡት ዓመት እንዲፈትኑት ለምኑአቸው።